ዳኛችንን ለማውረድ

ስብሰባ ሰልችቶኛል። አምቦ ውስጥ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ፀጉሬ ሸበተ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩም ስንት ዘመኔ። የመምህራን ስብሰባ፣ የወላጅ ስብሰባ፣ የቀበሌ ስብሰባ፣ የእድር ስብሰባ። አጀንዳ ጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ አንብብ፣ «የተለየ ሐሳብ ያለው?» ብለህ ጠይቅ፣ ማንም እንደሌለው እያወቅህ ጠብቅ። አንድ ቀን ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምሳ ምን ይሁን?» ብትለኝ «በድምፅ ብልጫ ይወሰን» አልኳት። አልሳቀችም። እሷም ሰልችቷታል ለካ።

በማስተምረው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፓርላማ ሥርዓት የሚናገር ምዕራፍ አለ። መጽሐፉ ስንቴ ተቀየረ፣ የትምህርቱ ስም ራሱ ተለወጠ፤ ያ ምዕራፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ሕዝቡ ተወካዮቹን ይመርጣል። ብዙ ወንበር ያገኘው ወገን መንግሥት ይመሠርታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዚያው ከምክር ቤቱ ይወጣል፤ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ እስካመነው ይቆያል፣ እምነት ያጣበት ዕለት በድምፅ ያወርደዋል። ይኸው ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር አንዱ ሁልጊዜ ይስላል። ሳል እንዳይመስላችሁ፣ ሳቅ ነው። እኔም አልፈርድባቸውም፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ ሲባል ያደጉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለምሳሌ ሩቅ መሄዱን ተውኩና እድራችንን አመጣሁላቸው።

ጠቅላላ ጉባኤው ፓርላማ ነው አልኳቸው። ከየቤቱ አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው። ጉባኤው ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮሚቴው ካቢኔ ነው። ዳኛ የምንለው ሊቀመንበራችን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ። ድንኳንና ወንበር የሚጠብቀውን ሰውዬ ልጆቹ ራሳቸው መከላከያ ሚኒስትር አሉት። «ጥሩንባ ነፊውስ?» አለች አንዷ። «እሱ ሚዲያ ነው» አልኳት፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሲበርድ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእናንተ ዳኛ በድምፅ ወርዶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ሊወርድ እንደሚችል በምን አወቃችሁ?»

ደወሉ ተደወለና ጠመኔዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ዳኛችን ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። እጃጂ ጤና ጣቢያ ጀምረው፣ ጊንጪ ሠርተው፣ አምቦ ላይ ነው የጨረሱት። የሰፈሩን ሰው ግማሹን መርፌ የወጉት እሳቸው ናቸው። ስብሰባ ላይ የሚንጣጣ ጎልማሳ ሲያዩ፣ «አንተ፣ መርፌ ስወጋህ የጮህከው እኮ ከዚህ ይብሳል» ይሉታል። በቃ፣ ሰውዬው ይቀመጣል።

ይህ ብቻ አይደለም። መንገድ ይዘጋባቸው በነበሩት በእነዚያ ክፉ ወራት ቀብር ማሳለፍ ራሱን የቻለ ጭንቅ ነበር። በዚህ ጫፍ ድንጋይ የያዙ ወጣቶች፣ በዚያ ጫፍ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች። ዳኛው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በከዘራቸው ጫፍ ያስሩና ከሬሳው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ወጣቶቹን በኦሮምኛ፣ ወታደሮቹን በአማርኛ፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ሰው እኮ ጉዳዩን ጨርሷል፤ አሳልፉት» ይሏቸዋል። አንድም ቀብር አልቀረብንም። አባቴን የቀበርኩት እንደዚያ ነው። ያኔ ክንዴን ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ማን ያወርዳል?

የሚያወርዳቸው ጠፍቶ ግን እሳቸው ራሳቸው መውረድ ፈለጉ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ዳኛው ናቸው፤ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ለቀብር የተሰናዱ ሰው ሆነው። «ባርሲሳ» አሉኝ፤ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው፣ አስተማሪ ሲሉ በኦሮምኛ። «ምነው አልለበስክም? አናጢው ስንት ሰዓት ነው የሚቀበረው?»

ክው አልኩ። አናጢውን ከቀበርነው ከወር በላይ ሆኖታል።

«አባባ፣ አናጢውን እኮ ቀበርነው። እርስዎ ነዎት እዚያ ላይ የተናገሩት» አልኳቸው።

በረንዳው ላይ ያለችው ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የመጀመሪያዬ አይደለም» አሉ። «እየጠፋብኝ ነው ልጄ። ድሬሰር ነኝ፣ በሽታዬን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይልም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ብረሳ ግድ የለኝም፤ ልጄ ታስታውሰኛለች። የሰው ሐዘን ላይ ቆሜ እንዳልቀባጥር ግን እፈራለሁ። ሳልዋረድ ልውረድ። ሰው ሳያውቅብኝ፣ ማኅተሙን በእጄ አስረክቤ።»

ለማንም ትንፍሽ እንዳልል በአባቴ አፅም አስማሉኝ። ማልኩ። አፌን በቆረጠው ኖሮ።

መውረድ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። የእኛን ሰው ባታውቁ ነው። በእኛ ዘንድ የተመረጠ ሰው እምቢ ይላል፤ ይህ ወጉ ነው። ወዲያው እሺ ያለ እንደሆነ «ዓይኑ ወንበሩ ላይ ነበር» ይባላል። ስለዚህ ሰውዬው ይነሣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላል። ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ላኪ! ላኪ!» ይላል፤ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ሰውዬው ይደግማል፣ ጉባኤውም ይደግማል። በሦስተኛው ይጨበጨባል፤ አለቀ፣ ተሾመ። ዳኛችን ለስንት ዓመት በየምርጫው እንደዚህ እምቢ እያሉ ነው የኖሩት። ታዲያ የእውነቱ እምቢታ ሲመጣ ከቀድሞው በምን ይለይ?

በዚያ ዓመት ጉባኤ ላይ ተነሡ። «ደክሞኛል፤ ዘንድሮ የምሬን ነው፣ ተዉኝ» አሉ። «ላኪ!» አለ ቤቱ። «እባካችሁ» አሉ። «ላኪ! አይሆንም!» በሦስተኛው ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሰዉን ትሕትናቸው አንጀቱን በላውና እልልታው ቀለጠ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጫለሁ። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

ቤታችን በአንድ መንገድ ስለሆነ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንመለሰው። የባጃጅ ተራውን ስናልፍ ቆሙ። «ያ ለልጆች የምታስተምረው ነገር አለ አይደል? ሸንጎው ሰውዬውን የሚያወርድበት። በእድራችንም ደንብ ውስጥ አለ፤ እሱን አምጣው።»

እውነታቸውን ነው። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ለጌጥ ያህል ያንን አንቀጽ ከመማሪያ መጽሐፉ ወስጄ ከትቼበት ነበር። አንድ አባል በዳኛው ላይ እምነት የለኝም ብሎ ካቀረበ፣ ሌላ አባል ከደገፈው፣ ጉባኤው በምስጢር ድምፅ ይሰጣል፤ ከግማሽ በላይ እምነት ከነፈጋቸው ዳኛው ይወርዳሉ። የሚያነበው ሰው መኖሩን አላወቅሁም ነበር።

«አባባ፣ እኔ እርስዎን እምነት የለኝም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል። ካንተ ሌላ ማንን ልለምን? ስለማምንህ እኮ ነው።»

እሺ አልኩ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አዳራሻችን ውስጥ ተሰበሰብን። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ አንቀጹን አነበብኩና፣ «በዳኛችን ላይ የመተማመኛ ድምፅ እንዲሰጥ አቀርባለሁ» አልኩ። ወዲያው ጥሩንባ ነፊው «እደግፋለሁ!» አለ። እሱ ሁሉን ነገር ሳይሰማ ይደግፋል፤ ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅለት ነው። ምን እንደደገፈ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። «ምን አድርገውህ ነው?» አለች ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት። «ልጅህ በሌሊት ሲታመም ማን ጋ ነበር የምትሮጠው?» አንዱ ደግሞ ተነሥቶ በጣቱ እየጠቆመኝ፣ «ይሄ የራሱ ሐሳብ አይደለም፤ ማን ነው የላከህ? ቀበሌ ነው ወይስ ከበላይ ነው?» አለ። አምቦ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሰው ሳይላክ የሚናገር አይመስለንም ነበር። ምክንያቱን ልናገር አልችልም፤ ምያለሁ። «ለዴሞክራሲ ልምምድ ብዬ ነው» አልኩ። ወይ እኔ! ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ ሲያጉረመርምም እውነቱን ነበር።

ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱ። «ደንብ ደንብ ነው፤ ወረቀት ይታደል» አሉ። ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩ። ማንበብ የማይችሉም ስላሉ፣ የሚያምንባቸው ራይት፣ የማያምንባቸው ኤክስ ያድርግ ተባለ። ድምፅ መስጫው የብስኩት ካርቶን ነበር። ዳኛውም «እኔም አባል ነኝ» ብለው ወረቀት ተቀበሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተው ጻፉ።

እኔም ወረቀቴን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፤ ሁለት መስመር ማጠላለፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ያ በከዘራ ጫፍ የታሰረ ነጠላ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ክንዴን የያዘው እጅ መጣብኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ይህን ያህል ሰው ውስጥ ኤክስ የሚያደርግ አይጠፋም አልኩ በልቤ። የእኔዋ አንዲት ወረቀት ብትጎድል ምን ታመጣለች? በምስጢር ነው፤ ማን ያየኛል? ራይት አደረግኩና አጥፌ ከተትኩ።

ቆጣሪው እኔው ነኝ። ሁለት ታዛቢ ከጎኔ ቆሙ። እየከፈትኩ እጠራለሁ፤ ራይት፣ ራይት፣ ራይት። መጀመሪያ ጸጥ ያለው ሰው እየቆየ ከእኔ ጋር አብሮ መጥራት ጀመረ። ወደ መጨረሻው ላይ አንዲት ወረቀት እጄ ገባች። እንደሌሎቹ ለሁለት አልታጠፈችም፤ ጫፍና ጫፏ እርስ በርሱ ተሰክቷል። ድሮ ክሊኒክ ኪኒን ተፈጭቶ የሚጠቀለልባት ወረቀት እንደዚያ ነበር የምትታጠፈው። ከፈትኳት። ኤክስ ነው፤ ከመጫኑ ብዛት ወረቀቱን ቀዶታል።

«ኤክስ» አልኩ። «አንድ።»

ሰዉ «እፍ!» አለ፣ ወዲያው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዷ የእኔ መሆኗ ነዋ! የቀሩትን ጨረስኩ። ሌላ ኤክስ የለም። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ዳኛው አላጨበጨቡም፣ አልሳቁም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ብቻ ያዩ ነበር። ኤክሷ የማን እንደሆነች ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህም የእኔ ወረቀት ምን እንደነበረች እሳቸው አውቀዋል።

በራቸው ጋ ስንደርስ፣ «አንዷ የእኔ ነበረች» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ።»

«እህ።» ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። «እንግዲህ አንተም እንደነሱ ወደድከኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ገብተው በሩን ዘጉ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ምንም ሳልነግራት ተኛሁ። ምሐላው አለብኝ፤ ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ መናኸሪያው አካባቢ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ሚስቱ ሞተችበት። ቀበርናትና ድንኳን ተመለስን። ሰው ንፍሮ እየቀመሰ ተቀምጧል፤ ዳኛው እንደ ወጉ ከባለ ሐዘኑ ጎን ናቸው። በአንዴ ዞር ዞር ብለው ድንኳኑን አዩና፣ ሁሉም በሚሰማው በዚያ በጉባኤ ድምፃቸው፣ «ምነው ባለቤትህን አላየኋት? የሰፈር ለቅሶ ላይ አትቀርም ነበር፤ አሟት ነው?» አሉት።

ድንኳኑ ውስጥ የሰው እጅ ባለበት ቆመ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። ሰውዬው እግዜር ይስጠው፤ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ትንሽ ደክሟት ነው አባባ፤ ተኝታለች» አላቸው።

«ደግ፤ ትረፍ» አሉ ዳኛው። ከዚያ ሰዉን አዩት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነው። ምን እንዳሉ ባያውቁም አንድ ነገር እንዳሉ ገባቸው። ከዘራቸውን መፈለግ ጀመሩ። ተነሥቼ ያዝኳቸው። እስከ በራቸው አደረስኳቸው፤ የፈሩት እንደደረሰ ተረድተው ነበር። የለመኑኝ ይህ እንዳይደርስባቸው ነበር፤ እኔ ነኝ ያደረስኩባቸው።

በማግስቱ ማኅተሙን ሴት ልጃቸው በመሀረብ ጠቅልላ አመጣችልኝ። በድምፅ ያልወረዱት ዳኛ በሹክሹክታ ወረዱ፤ «ምስኪን»፣ «አይ ዕድሜ» እየተባለ። በዚያ ሰሞን በክፍሌ ያንን ምዕራፍ ደርሼበት ነበር። «አንብቡት» ብያቸው ተቀመጥኩ።

ዓመታዊው ጉባኤ ደረሰ። ዳኛውን ልጃቸው ደግፋ አምጥታ ከኋላ ወንበር አስቀምጣቸዋለች፤ ጥሩንባ ነፊው ከጎናቸው ነው። አንድ ሰው ተነሣና አዲስ ዳኛ ጠቆመ፤ እኔን። ያን ዕለት ማን ላከህ ብሎ የጠቆመብኝ ሰውዬ እኮ ነው! ከዳኛው መዋረድ በኋላ፣ ለካ መምህሩ አንድ ነገር አውቆ ነበር ተብሏል፤ ብቸኛዋን ኤክስ የጻፈ ደፋር ሆኜላችኋለሁ።

ተነሣሁ። እጄን ደረቴ ላይ ያደረግኩት ለወጉ አልነበረም፤ ከልቤ ነበር። «አልችልም» አልኩ። «ላኪ!» «እባካችሁ፣ ለዚህ ወንበር የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ የማታውቁት ነገር አለ» አልኩ። «ላኪ! ላኪ!» «የምሬን ነው፣ ተዉኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። እሳቸው ያኔ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ቦታ ሰው ቢጮህም እንደማይሰማ ያኔ ገባኝ።

ሰብሳቢው ለወጉ ያህል፣ «የሚቃወም?» አለ። ይህን ስንጠይቅ እጅ ተነሥቶ አያውቅም።

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሣ። ረጅም፣ ቀጭን እጅ። ዳኛው ናቸው። እኔን እያዩ ነበር፤ ያን ዕለት ድምፅ ስቆጥር እንዳዩኝ አድርገው። ስሜን ያስታውሱ አይመስለኝም፣ ቀኑንም አያውቁት ይሆናል። ያ ሰው ተዉኝ እያለ መሆኑን ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አይ አባባ፣ ደክሟቸው ነው» አለ ጥሩንባ ነፊው፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ጉልበታቸው ላይ መለሰላቸው። ሰው በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። ሰብሳቢውም ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ የመጨረሻ ቃለ ጉባኤህ ነው፤ በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፈው» አለኝ።

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «በአንድ ተቃውሞ» ብዬ ጻፍኩ።